ኮሲላና ያልተቀመሰው ፓርሳድ

ኮሲላ ራምጃታን ገና እንደተወለደች የአሮጊት ስም ወጣላት። በመንደሯ በባራክፖር ኮሲላ የሚባሉት ሴቶች ሁሉ ወይ ሞተዋል ወይ ጥርሳቸው አልቋል፤ እሷ ግን በልጅነቷ ይህን ስም ተሸክማ ዩኒቨርሲቲ ገባች። መምህራኑ ስም ሲጠሩ ከኋላ ወንበር አንዲት ባልቴት በምርኩዝ እንድትነሳ ይጠብቁና፣ ረጅም፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ክንዷ የጭነት አውራጅ ክንድ የሚያህል ልጃገረድ ብድግ ስትል ግር ይላቸዋል። ክንዱ የመጣው ከአባቷ የበርበሬ እርሻ ነው። ቧንቧ በማይደርስበት ኮረብታ ላይ በርበሬ የሚያለማ ሰው ውሃ በባልዲ ማመላለስ አለበት፤ ባልዲው ደግሞ ሁልጊዜ የሚደርሰው ከልጆቹ መካከል እምቢ ማለት ለማታውቀው ነው።

ዝምተኛ ነበረች። ኩራት አልነበረም፤ መልሱ የሚመጣላት ጠያቂው ከሄደ በኋላ ስለሆነ ነው። «ደህና ነሽ?» ላላት ሰው «ደህና» ልትል አፏን ስትከፍት ሰውየው ቤተ መጻሕፍት ደርሷል። ቅየሳ ለመማር የመረጠችውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቀያሽ የሚያየው ሰው ሁልጊዜ ሩቅ ነው፤ የሚነጋገሩትም በእጅ ምልክት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ክፉ ነበር። አብራት የምታድረው የግሬናዳ ልጅ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ትተኛለች፣ ሰክታ ትነሳለች። ኮሲላ ምሳዋን፣ ሽምብራ ወጥ የተጠቀለለበት ቂጣ፣ ከግቢው በር ላይ ትገዛለች፤ ሽምብራው በወረቀቱ እየተንጠባጠበ ከትልቁ የሳማን ዛፍ ሥር ለብቻዋ ትበላና እጇን ሳሩ ላይ ትጠርጋለች። ብቸኝነቱ እየከበዳት ሲመጣ ወደ መንደሯ ልትመለስ ሻንጣዋን አሰናዳች። በርበሬው እንኳ ሲያቃጥል ያቃጥላል እንጂ አይዘጋኝም ብላ ነበር።

ያስቀራት አንድ ሐሙስ ማታ ነው። ልብስ ማጠቢያው ቤት ልብሷ እስኪያልቅ ቆማ ስትጠብቅ ከጀርባ ከበሮ ሰማች። ሄዳ በተከፈተው በር አንገቷን ብቅ አደረገች። ናሊኒ የምትባል፣ አፏ እንቅልፍ ላይ ብቻ የሚያርፍ ልጅ እጇን ለቀም አድርጋ አስገባቻት።

«ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ትገተሪያለሽ? መዝፈን ትችያለሽ?»

ኮሲላ ራሷን ነቀነቀች።

«ጥሩ፣ እኛም አንችልም። እንጮሃለን ብቻ። ስምሽ ማነው?»

«ኮሲላ።»

«ኧረ በስመ ላክሽሚ፣ እንደ አያቴ እናት? በቃ፣ ዲዲ ነው የምልሽ።»

ዲዲ ማለት ለእኛ ታላቅ እህት ናት። ኮሲላ ከናሊኒ በዕድሜ ታንሳለች፣ ግን አላረመቻትም። ልብሷን ያስታወሰችው በማግስቱ ነው። ከዚያ በኋላ የሂንዱ ተማሪዎች ማኅበር ሐሙስ ማታ ሲሰበሰብ ኮሲላ ቀርታ አታውቅም። እዚያ ስሟ ይጠራል፣ ካልመጣች የት ናት ይባላል። በዚያ ግቢ ውስጥ «የት ናት» የሚላት ሌላ ሰው አልነበረም፤ ያቺን ክፍል የምትወዳት ለዚህ ነው።

ክፍሏ ለዓይን የምትማርክ አይደለችም። የቆሸሸ ውሃ የሚያወርደው የልብስ ማጠቢያው ቱቦ በግድግዳዋ ውስጥ ያልፋል፣ ጸሎቱ መሃል ላይ ያጉረመርማል። አንድ መደርደሪያ ላይ አማልክቱ፣ የብልጽግናዋ እናት ላክሽሚ ከፊት፣ በየምስላቸው ተደርድረዋል፣ ከሥራቸው ከበሮዎቹ፣ ከከበሮዎቹ ሥር እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች። የማኅበሩ ሊቀመንበር ቪዴሽ የሕግ ተማሪ ነው፤ ሻይ ሲጠይቅ እንኳ ችሎት ፊት የቆመ ይመስላል። በንግግሩ ሁሉ «ቤተሰብ ነን» ይላል። ቤተሰቡ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሐሙስ ማታ ከአንድ ሶፋ አይተርፍም ነበር።

ነገር የመጣው አዲሷ የተማሪዎች ዲን ወይዘሮ ሞንዴዚር የግቢውን ክፍሎች ሲዞሩ ነው። ሴትየዋ ከሴንት ሉሲያ ከመጡ ገና አምስት ወራቸው ነው፤ ፊታቸው አይፈታም፣ ጫማቸው ከሩቅ ይሰማል። በሩ ላይ ቆመው ከበሮዎቹን አዩ፣ ወንበሮቹን አዩ፣ ሶፋው ላይ የተኛውን ቪዴሽን አዩ።

«ይህ የማኅበር ክፍል ነው ወይስ መጋዘን?» አሉ።

«ቤተሰብ ነን ክብርት ዲን» አለ ቪዴሽ፣ እየተነሳ ጠጉሩን እያስተካከለ።

«ቤተሰቡ የታለ?»

«ክፍል… ክፍል ገብቶ ነው።»

«የቼዝ ማኅበሩ ክፍል የለውም። ደረጃ ላይ ተቀምጠው ነው የሚጫወቱት። ዕቃ ማስቀመጫ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ መጋዘን እሰጣችኋለሁ። ክፍል የምሰጠው አብሮ ለሚሰበሰብ ሰው ነው።»

«ለዲቫሊ በዓላችን ይምጡና ይዩን።»

«እመጣለሁ» አሉ ወይዘሮ ሞንዴዚር። «አይቼ እወስናለሁ።» ጫማቸው እየተሰማ ሄዱ።

ናሊኒ ሶፋው ላይ ተዘረረች። ምክንያት ነበራት። ዲቫሊ የላክሽሚ የብርሃን በዓል ነው፤ በዕለቱ ሁሉም ወደየቤቱ ስለሚሄድ የግቢው በዓል ቀደም ብሎ ነው የሚደረገው፤ ሰውም ይመጣል፣ አዎ። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ከምግቡ ካርቶን ላይ ሳያነሳ ይጸልያል። ፓርሳዱ፣ ለአማልክት ቀርቦ የሚመለሰው የተባረከ ጣፋጭ፣ በወረቀት ከረጢት ሲታደል ይቀበላል፣ ካርቶኑን በሌላ እጁ ይይዛል፣ ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ አይታወቅም። ዓይናቸውን በጨው አጥበው «ለጓደኛዬም» ብለው ሁለተኛ የሚወስዱም አሉ። ስለ እነዚህ ሰዎች ብዙ ማለት እችል ነበር፤ አንዳንዶቹ የሥጋ ዘመዶቼ ስለሆኑ ይቅር። ባለፈው ዓመት ቪዴሽ የመዝጊያ ንግግሩን ያደረገው ለወንበሮችና ከበሮውን ለመውሰድ ለሚጠብቅ አንድ ሰው ነበር። ወይዘሮ ሞንዴዚር ይህን ካዩ ክፍሏ አለቀላት።

ኮሲላ ያን ማታ አልተኛችም። ያቺ ክፍል ከሄደች ሳማኑ ዛፍ ሥር መመለሷ ነው።

ይባስ ብሎ ፓርሳዱን ሁልጊዜ የሚሠሩት የፓንዲቱ፣ የካህናችን፣ ባለቤት ልጃቸው ወልዳ ቶሮንቶ ሄደው ነበር። ማን ይሥራ ተባለ። ፓርሳድ መሥራት ቀላል አይደለም፤ ዱቄቱ በንጥር ቅቤ በትልቅ ብረት ድስት ሲቆላ አንዴ እጅህን ካሳረፍክ ያርራል። ሁሉም ዞሮ የኮሲላን ክንድ አየ።

«ዲዲ» አለች ናሊኒ።

ኮሲላ አይሆንም ልትል ነበር። መልሱ ሲመጣላት ግን ቪዴሽ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ ነበር።

ለአክስቷ ደወለች። አክስቷ የአባቷ እህት ናት፣ በመንደሩ ድግስ ሁሉ ከድስቱ አጠገብ የማትጠፋ ሴት ናት።

«ሥጋ ተዪ» አለች አክስቷ። «እንቁላልም ተዪ። ጠጉርሽን እሰሪ። ድስቱ ላይ ማንም እንዳያወራ፣ ምራቅ ይፈናጠራል። ከሁሉ በላይ ምላስሽን እሰሪው።»

«አልቀምስም እትዬ።»

«ስሚኝማ። ላክሽሚ ሳትቀምሰው የቀመስሽው እንደሆነ ትርፍራፊ ነው። ትርፍራፊሽን ለእናታችን ልታቀርቢ ነው?»

«አላቀርብም።»

«ማሽተትም የለም።»

«አፍንጫዬን ምን ላድርገው?»

«አዙሪው» አለች አክስቷና ስልኩን ዘጋች።

የበዓሉ ዕለት ከክፍሉ ጀርባ ሁለት የጋዝ ምድጃ ተተከለ። ባንዱ ናሊኒ ዱባ ትሠራለች፣ ባንዱ ኮሲላ ፓርሳዱን። ጨውና ስኳሩ በሁለት ባዶ የአይስክሬም ዕቃ ተቀምጧል። እኛ ቤት የአይስክሬም ዕቃ ከፍቶ አይስክሬም ያገኘ ልጅ የለም፤ ወይ ምስር ነው፣ ወይ ክርና መርፌ ነው፣ ወይ ባለፈው ዓመት በቅመም የተዘፈዘፈ የሎሚ አቻር ነው። ቀይ ክዳኑ ጨው፣ ነጭ ክዳኑ ስኳር። ኮሲላ ራሷ ሞልታ ራሷ ከድናቸዋለች። ከዚያ ቧንቧው በከሰዓት እንደሚቋረጥ ስለጠረጠረች፣ ውሃ በሌለበት መንደር ያደገ ሰው መቼም ቧንቧ አያምንም፣ ሰማያዊውን በርሜል ልትሞላ ባልዲዋን አንስታ ሄደች።

በዚህ መሃል ቪዴሽ መጣ። የተተኮሰ ነጭ ኩርታ እጀ ጠባብ ለብሷል፣ ባለሥልጣን ይመጣል ብሎ ልቡ ቆሟል። ወንበር አጸዳ፣ በር ወለወለ፣ የሚያጸዳው ሲያጣ ሁለቱን ክዳኖች አይቶ «ይህ ምንድን ነው፣ ዱቄት በዱቄት» አለ። ናሊኒ ጀርባዋን ሰጥታ ዱባ እየከተፈች ነበር። ክዳኖቹን ወስዶ አጠበ፣ በፎጣ አደረቀ፣ እያፏጨ መልሶ ከደናቸው። የትኛው የትኛው ላይ እንደነበር ያስታውሳል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ሰውየው የራሱን ነጠላ ጫማ እንኳ አደባልቆ ነው የሚጫማው።

ኮሲላ ተመልሳ ጠጉሯን አሰረች። ቅቤው ሲቀልጥ ዱቄቱን ጨመረች፣ ማማሰያውን በሁለት እጇ ያዘች። ናሊኒ እንዳትናገር ስለተከለከለች ዓይኗን እያፈጠጠች በምልክት ታወራለች፤ ከዱባው ይልቅ እሷ ልትፈነዳ የደረሰች ትመስል ነበር። ዱቄቱ የለውዝ ቅርፊት መልክ ሲይዝ ኮሲላ በሌላ ድስት ውሃውን፣ ወተቱን፣ ዘቢቡንና ሄሉን አፈላች፣ ጣፋጩን የጣሳ ወተት ደፋችበት። ከዚያ ነጭ ክዳን ያለውን ዕቃ ከፈተች። አፍንጫዋን ወደ ልብስ ማጠቢያው አዞረች፣ ዓይኖቿን ጨፈነች፣ «እናቴ ላክሽሚ፣ ክፍላችንን አትርፊልን» አለችና በልግስና ጨመረች፤ ከዚያ ሁሉንም ዱቄቱ ላይ ገለበጠችው። ናሊኒም ከቀዩ ክዳን ዕቃ ዱባዋ ላይ በተነች።

አንዳቸውም አልቀመሱም። ሥርዓት ነዋ።

አመሻሽ ላይ የበዓሉ የሸክላ ኩራዞች ተሰንጥቆ በታጠፈ የቀርከሃ ቅስት ላይ በየተራ ሲለኮሱ ክፍሉ ሞላ፣ ደጁም ሞላ። የቼዝ ማኅበሩ ልጆች እንኳ ሰሌዳቸውን ይዘው መጥተው ነበር፤ ክፍሉን ሊለኩ ነው ይላል ቪዴሽ። ወይዘሮ ሞንዴዚር ከፊት ተቀመጡ። ጫማቸውን አውልቀው ነበር፣ በካልሲያቸው ቀዳዳ አውራ ጣታቸው ብቅ ብሏል፣ ሌላኛውን እግራቸውን ደርበው ለመደበቅ ሲታገሉ ኮሲላ አየችና አዘነችላቸው።

ፓንዲት ጋንግራም ሸምግለዋል፣ ጸሎታቸው ረጅም ነው፣ ማይክሮፎን ከያዙ አይለቁም። ሥርዓቱን ፈጸሙ፣ ፓርሳዱ ለላክሽሚ ቀረበ፣ የጸሎቱ እሳት በሰሃን ዞረ፣ ሁሉም ለበረከት በላዩ ላይ እጁን አሞቀ። ከዚያ ኮሲላ ከረጢቶቹን ማደል ጀመረች። የመጀመሪያው ለፓንዲቱ ነው።

ፓንዲቱ ቆንጥረው ጎረሱ። ማኘካቸውን አቆሙ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ዋጡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ኮሲላ ልቧ በደስታ ሞላ። በጸሎት ተመስጠዋል ብላ ነበር።

ወይዘሮ ሞንዴዚር ቀጠሉ። እሳቸው የጎረሱት ትልቅ ነው፣ አስተናጋጃቸውን ላለማሳፈር። ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ አገጫቸው ከፍ አለ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። አኘኩ፣ አኘኩ፣ ዋጡ። እንባ ዓይናቸው ላይ ቀረረ።

«እንዴት ያለች ሴት ናት» አለች ኮሲላ በልቧ፣ «ሃይማኖቷ ሳይሆን እንዲህ የተነካችው።»

እያደለች ወደ ኋላ ሄደች። ከኋላዋ ክፍሉ ጸጥ እያለ መጣ። የተባረከ ነገር አይተፋም፣ አይጣልም፣ ጣዕሙም አይነቀፍም፤ ይህን ከእናታችን ወተት ጋር ጠብተነዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱ ከረጢት ብቻ የተበላሸ መስሎት፣ ወይም ባለፈው ሳምንት በጾሙ ደብቆ የበላው የዶሮ ጭን ቅጣት መስሎት፣ ዝም ብሎ ዋጠ። የጣሳው ወተት ምንም አላጠፋም፤ ምላስ ላይ መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ሰው ተማምኖ አፉን ሲዘጋ ባሕሩ ይመጣል። አንዱ የቼዝ ልጅ በሰሌዳው ፊቱን ከለለ። አንዲት ልጅ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ አማልክቱን ትማጠናለች።

ኮሲላ የሆነ ነገር እንዳለ የገባት ናሊኒን ስታይ ነው። ናሊኒ ጉንጮቿ ተነፍተው፣ አፏ ተዘግቶ፣ ዝም ብላ ቆማለች። ማንም ሳይከለክላት ዝም ያለች ናሊኒ ታይታ አታውቅም።

«ምነው?» አለች ኮሲላ።

ናሊኒ ጣቷን ከረጢቱ ላይ ቀሰረች።

ኮሲላ የራሷን ከፍታ ቀመሰች። ላክሽሚ ቀምሳለች፣ አሁን ይፈቀዳል። ምላሷ ላይ የሆነውን ስትረዳ እግሯ ራሱ ይዟት በጓሮ በር ወጣ። ከብረት ድስቷ አጠገብ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠች፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ለሰው አይደለም፣ ለላክሽሚ ነው ያቀረበችው። ክፍሉንም በገዛ እጇ ጨው ነስንሳ ገደለችው። ሻንጣዋን አሰበች፣ የባራክፖርን አውቶቡስ አሰበች፣ ከልቧ አለቀሰች።

ቪዴሽ ተከትሏት መጣ። ከንፈሩ ደርቋል።

«ምን ጨመርሽበት?»

«ስኳር ነው የጨመርኩት። ነጭ ክዳን።»

ቪዴሽ ዕቃዎቹን አየ። ክዳኖቹን አየ። ቀስ ብሎ ነጩን ከፍቶ በጣቱ ቀመሰ፣ የኩርታው ንጣት ወደ አንገቱ የወጣ ይመስል ፊቱም ነጣ።

«ክዳኖቹን ነክተሃል?» አለች ኮሲላ። በሕይወቷ ጥያቄ በሰዓቱ የመጣላት ያን ጊዜ ነው።

«ንጽሕና… ለንጽሕና ብዬ…» አለ። ከዚያ የሕግ ተማሪነቱ ተመለሰለት። «ስሚ፣ አታልቅሺ። ዲኗን አናግሬያቸዋለሁ። ጥንታዊ ሥርዓት ነው ብያለሁ። ትዕግሥት ማስተማሪያ። ከጠየቁሽ አንቺም እንደዚያ በዪ።»

«ምን?»

«ጥንታዊ» አለና ሮጦ ተመለሰ።

ውስጥ ግን ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። ሰው እንደ ልማዱ ካርቶኑን ይዞ ወደ በሩ ሄደ፣ በሩ ላይ ምላሱ አልታዘዝ አለው። ወደ ቧንቧው ሮጠ፤ ቧንቧው አየር ብቻ ነፋ። በግቢው ሁሉ ውሃ የነበረው በዚያ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ብቻ ነው፣ ለመጠጫም ጥቂት የብረት ጽዋዎች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ተሰለፉ። ሰልፉ ክፍሏን ዞሮ በደጅ ወጥቶ በመስኮት ተመልሶ የሚገባ መሰለ። የመጀመሪያው ጠጣ፣ እንደገና ሊጠጣ ወደ ሰልፉ ጀርባ ሄደ።

መጀመሪያ ላይ በርሜሉን ሁሉም ያያል፣ እርስ በርስ ግን አይተያይም። ፓንዲት ጋንግራም ሦስተኛ ጽዋቸውን ጨርሰው ማይክሮፎኑን አነሱ።

«ልጆቼ» አሉ፣ ድምፃቸው እየሻከረ። «አማልክትና አጋንንት ውቅያኖሱን ሲንጡ ከውስጡ ማን ወጣች?»

«ላክሽሚ» አለ አንዱ ከሰልፉ።

«ላክሽሚ። ከባሕር ነው የወጣችው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ፓርሳዱን ስትቀምስ…» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእናቷ ቤት ትዝ ሳይላት አልቀረም።»

አንድ ሰው ፈነዳ፣ ሌላው ተከተለ፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «ያንተም?» «የኔማ ሙት ባሕር ነው!» «እኔ ዶሮው ነው የያዘኝ ብዬ!» የሚናገሩት ከአጠገባቸው ከቆመው ከማያውቁት ሰው ጋር ነበር። ሳቃቸው እስከ ጓሮው ተሰማ።

ኮሲላ በእሷ የሚስቁ መሰላት፣ የበለጠ አቀረቀረች። ጫማ የሌለው እግር ሲመጣ አልሰማችም። ቀና ስትል ወይዘሮ ሞንዴዚር ጽዋ ይዘው ቆመዋል፣ አውራ ጣታቸውን መደበቅ ትተውታል።

«ያበሰልሽው አንቺ ነሽ?»

ኮሲላ ተነሳች። «አዎ ሚስ።»

«ሊቀመንበሩ ጥንታዊ ሥርዓት ነው አለኝ። እውነት ነው?»

መልሱ ወዲያው መጣላት፣ ያውም ሁለት መልስ። አንደኛው ክፍሉን ያተርፋል። ኮሲላ በርሜሉ አካባቢ የሚሳሳቀውን ሰው ድምፅ ሰማች፣ የሴትየዋን ጽዋ አየች። በላክሽሚ ስም በበሉት ምግብ ላይ ውሸት መጨመር አልሆነላትም።

«አይደለም ሚስ» አለች። «መጣፈጥ ነበረበት። ጨው በስኳር ፈንታ ገብቶ ነው። ሳይቀርብ መቅመስ ስለማይቻል አላወቅሁም። ሊቀመንበሩ ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም፣ ደንግጦ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ክፍሉን…» ዞራ የክፍሉን በር አየች። «ክፍሉን ለቼዞቹ ብትሰጡ እንኳ ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም።»

ወይዘሮ ሞንዴዚር ፊታቸው መጀመሪያ አልተፈታም። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከጽዋው ውሃ ተፈናጠረ፣ ግድግዳውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ኮሲላ የተቀመጠችበትን ባልዲ ስበው ተቀመጡበት።

«እውነቱን ነገርሽኝ፣ እኔም እውነቱን ልንገርሽ» አሉ። «የመጣሁት ክፍሉን ለቼዞቹ ልሰጥ ወስኜ ነው። ለደንቡ ያህል ነው የመጣሁት።»

ኮሲላ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«እዚህ ከመጣሁ ወዲህ የሚያናግረኝ ሰው ሁሉ ፊርማ ፈልጎ ነው። ማታ ማታ ቤቴ ገብቼ ከሬዲዮው ጋር እራቴን እበላለሁ። አሁን እዚያ ሰልፍ ላይ የቆመ አንድ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ጽዋውን ሰጠኝ። እናቱ ያሳደገችው ዳክዬ ከእግሯ ሥር እንደማይጠፋ አጫወተኝ። ዲን መሆኔን አያውቅም። ከኋላው አንዷ የቼዝ ልጅ ከፓንዲቱ ጋር ስለ ንግሥት ማንቀሳቀስ ትከራከራለች። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።» ጽዋውን አገላበጡት። «ቼዞቹ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ይበቃቸዋል። አሁን ይህን ክፍል ዘግቼባችሁ እኔ ራሴ ሐሙስ ማታ የት ልሄድ ነው?»

ኮሲላ ይህን የሚያህል ትልቅ ሰው እንዲህ ሲል ሰምታ አታውቅም። የሳማኑን ዛፍ ጥላ ታውቀዋለች፣ ሴትየዋ ከየት እንደሚናገሩ ገባት። ልትናገር አፏን ከፈተች፣ እንደ ልማዷ ትንሽ ዘገየች፣ ወይዘሮ ሞንዴዚር ግን አልሄዱም፤ ባልዲው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

«ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተብሎ ነው የሚለጠፈው ሚስ» አለች በመጨረሻ። «ከአንድ ሰዓት በፊት ግን ማንም አይመጣም። እርስዎ በጊዜ ይምጡ፣ እኔ እኖራለሁ።»